«ካልሆነ ማስተማር አለ!»

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴ ቤት ለቡና ተጠራሁ። ቡና ይባል እንጂ ነገሩ ሽምግልና ነበር። የቤቱ ታላቅ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋለች፤ ያውም በደህና ውጤት። ማለፍ ራሱ ብርቅ በሆነበት በዚህ ዘመን እልልታው ጎረቤት መድረስ ሲገባው፣ እናቲቱ ነጠላቸውን አያዘቅዝቁት እንጂ ፊታቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አባትየውም አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ጣራ ጣራውን ያያሉ።

«ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» አልኩ።

«ጉዷን አልሰማህም?» አሉ እናቲቱ። «አስተማሪ እሆናለሁ አለችን።»

አጎትየው ቀበል አደረጉ፤ «ይሄን የመሰለ ውጤት ይዘሽ? ማስተማርማ መቼም የትም አይሄድ። ሌላው ካልሆነ ያኔ ትገቢበታለሽ!» ካሉ በኋላ እኔ መኖሬ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «አንተን አይደለም እኮ! ያንተ የዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱ ሌላ ነው» ብለው ሊያስተባብሉ ሞከሩ። ምን ይደረግ፣ ሳቅኩ።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ልዩ ፍላጎት ነው» አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ ጥግ ላይ ዱካ ላይ ወደተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ሄዷል። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አይሰማም። የእያንዳንዳችንን አፍ በተራ በተራ እያየ ምን እንደተባለ ለመገመት ይሞክራል። በዚያ ቤት በእጁ የሚያናግረው እሷ ብቻ ናት። ሌላው ቤተሰብ አይወደውም ማለቴ አይደለም፤ ነፍሳቸው ነው። ነገር ግን ከሱ ጋር ያላቸው ቋንቋ «ና»፣ «ሂድ»፣ «ብላ» ነው። በቃ፣ ሦስት ቃል።

እኔ የተጠራሁት ልመክራት ነበር። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ፣ በየጋዜጣው «ትምህርት ወደቀ» እያልኩ ስጮኽ የኖርኩ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግኩና ምን ብል ጥሩ ነው? «አስቢበት» አልኳት።

አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ «አስቢበት» ማለት «ተይው» ማለት ነው፤ በጨዋ ደንብ። በረካዬን ጠጥቼ፣ ተመርቄና መርቄ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሏ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰክታለች። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እሷን ለማውጣት ነው።

ለመሆኑ አጎትየው ተሳስተዋል? እኔ አልተሳሳቱም እላለሁ። እሳቸው የተናገሩት ከራሳቸው አፍልቀው አይደለም። አገሪቱ ለአሥርት ዓመታት ስትሠራበት የኖረችውን ደንብ ነው ባጭሩ የነገሩን። «ካልሆነ ማስተማር አለ!» ይህች አራት ነጥብ የማያስፈልጋት ፖሊሲያችን ናት።

እስቲ መንገዱን ወደ ኋላ እንሂድበት። ዘመናዊው የመምህራን ሥልጠና በ1936 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ። ቆየት ብሎም ሐረርና ደብረ ብርሃን ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ። አንድ ጊዜ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አራት ዓመት፣ ሌላ ጊዜ ከአሥረኛ በኋላ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ በኋላ አንድ ዓመት ሆነ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣና ከአንደኛ እስከ አራተኛ ለሚያስተምር ሰርተፍኬት፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ዲፕሎማ፣ ከዚያ በላይ ዲግሪ ተባለ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ «አሥር ሲደመር አንድ» ተወለደ፤ ያ አይበቃም ተብሎ «አሥር ሲደመር ሦስት» ተተካ። በ1996 ዓ.ም. ሥርዓቱን ከሥሩ ይለውጣል የተባለለት «ቴሶ» ታወጀ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ «መጀመሪያ የትምህርት ዓይነቱን በዲግሪ ይጨርስ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ማስተማር ይማር» የሚለው የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ መጣ። በ2010 ዓ.ም. ፍኖተ ካርታው ቀረበ፤ የአሥረኛ ክፍል ፈተናም ቀርቶ ነገሩ እንደገና ተደባለቀ።

ጎበዝ! መደመሪያውን ስንቀያይር ኖርን እንጂ፣ የሚደመርበትን ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?

በእኔ ዘመን ማትሪክ ተፈትነን ውጤት ሲለጠፍ፣ ከፍ ያለው ወደ ሕክምናና ምሕንድስና፣ መካከለኛው እንደ እኔ ወዳገኘው ሄደ። ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ነጥብ የመጣለት ደግሞ «በቃ፣ ቲቲአይ ልግባ» አለ። ከዚያ በኋላ በመጣው ሥርዓት ደግሞ ወደ መሰናዶ ለማለፍ ነጥብ ያነሰው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የመምህራን ኮሌጅን በር አንኳኳ። ዩኒቨርሲቲም ውስጥ ቢሆን፣ ሌላ ክፍል ሞልቶ «ትምህርት» የደረሳቸው ወጣቶች መዝገብ ቤት ፊት ለፊት ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ሥራ ፈልገው ያጡ ምሩቃንም የአንድ ዓመቱን ዲፕሎማ እስከዚያው መጠለያ አደረጉት።

ከእነዚህ መካከል ድንቅ መምህራን አልወጡም አልልም፤ ሞልተዋል። የወጡት ግን በራሳቸው ብርታትና በፈጣሪ ቸርነት ነው። ሥርዓቱማ የሚለው ግልጽ ነው፤ ልብህን ለሚከፍተው ሐኪም የክፍሉን አንደኛ እንመርጣለን፣ የልጅህን አእምሮ ለሚከፍተው ግን የተረፈውን እንልካለን!

ከዚያ ደግሞ በየምረቃው «መምህር ሻማ ነው፣ እየቀለጠ ያበራል» እንላለን። አንድ መምህር ወዳጄ ይህን በሰማ ቁጥር፣ «ሻማ ነህ ይሉኝና ኪራዩን ስጠይቅ መብራት ያጠፉብኛል» ይላል። እውነቱን ነው። ሰው ቀልጦ አለቀ ብሎ ማወደስ፣ ሰውየው እንዳይቀልጥ ከማድረግ ይረክሳላ!

የጥንቶቹ አባቶቻችን እንኳ እንዲህ አልቀለዱም። ድጓ ለማስተማር የፈለገ ሰው «ድምፄ ያምራል» ብሎ ወንበር አይዘረጋም፤ ቤተልሔም ወርዶ፣ አስመስክሮ፣ «ይችላል» ተብሎ ነው የሚመለሰው። ቅኔ ቤት ደግሞ ከፍ ያለው ተማሪ ከመምህሩ እየተማረ ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ ዛሬ «ፕራክቲከም» የምንለውን ስም ሳያወጡለት ይሠሩበት ነበር። ትምህርቱ በቃልና በጆሮ ስለሆነ ዓይነ ስውሩም ተምሮ ወንበር የሚዘረጋበት ቤት ነበር። ጉድለቱን አልደብቅም፤ በዚያ ቤት ልጃገረድ በብዛት አልገባችም፣ የማይሰማ ልጅም ቦታ አልነበረው። ማን ማስተማር እንደሚችል ግን ፈትኖ ይለይ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ልምጣ። ሰውን ከመውቀስ በፊት የራስን ጉድ መናገር ይሻላል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር የጀመርኩት ጥሩ ነጥብ ይዤ ስለተመረቅኩ ነው። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለም። ሰኔ ላይ ተማሪ ነበርኩ፤ መስከረም ላይ ጠመኔ ሰጡኝ። «እንዴት ነው የሚያስተምሩት?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ግቢውን አልጠራውም፤ ሌላውም ቢሆን የተለየ አልነበረም።

በአንድ የግጥም ክፍል ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ። ግጥሙን ሰሌዳ ላይ ጽፌ በጠመኔ እያሰመርኩ፣ «ይቺ ከዚያችኛዋ ጋር ቤት ትመታለች፤ እዚህ ጋ ግን ተሰብሯል» እላለሁ። እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ የትኛዋ ከየትኛዋ ጋር?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ትንሽ ፈገግ አልኩ፤ እግዜር ይይልኝ። «ጓደኛህ ያሳይሃል» ብዬ ቀጠልኩ። ሊያሳየው! ለዓይነ ስውር! ፈተና ሲደርስም አንባቢ ራሱ ፈልጎ አመጣ፤ ለሌላው የሰጠሁትን ያህል ሰዓት ሰጠሁት፤ መልሱን በቃሉ እየነገረ አስጻፈ፤ ሰዓቱ አለቀበት። «ሲ» ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ሰሌዳ ላይ የጻፍኳቸውን ግጥሞች አንድ ሳያስቀር በቃሉ ሲወጣቸው ሰማሁ። ግጥም ከዓይን በፊት የጆሮ ነገር መሆኑን በየክፍሉ የምሰብክ እኔ ነበርኩ። ሰሌዳውን ትቼ ስንኙን ጮክ ብዬ ሁለቴ ባነበው፣ እሱ ብቻ ሳይሆን ክፍሉ በሙሉ ይማር ነበር። ለሱ የሚያስፈልገው ነገር ለሁሉም የሚያስፈልገው ነበር። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም፤ አንድ ሰው ቀድሞ ሊነግረኝ ብቻ ይገባ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ሥነ ዘዴ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ሥልጠና መጣ። «ይህን ሁሉ ዓመት አስተምረን አሁን ማስተማር ልንማር?» ብለን ምን ያህል እንደተሳለቅንበት አስታውሳለሁ። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም። «ተማሪው እንዳልገባው በምን ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብልን ዝም አልን።

እንግዲህ ይህን ጉድ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ውሰዱት። ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ? በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየክፍሉ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ማለቴ ነው። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ ትምህርት በእንግሊዝኛ እየተንደረደረ ያልፋል፤ መምህራችን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ሌላው ተማሪ «ፈጠነብን» ብሎ አማረረ። ሥዕሉን የማያየውስ? ድምፁን የማይሰማውስ? ማሽኑ «ይህን ተመልከቱ» ሲል፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ዞር ብሎ የሚጠይቀው ሰው እንኳ አልነበረውም። እኔ ቢያንስ «የትኛዋ?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ።

የሚገርመው፣ በዚህ ጉዳይ ወረቀት አላጣንም። የአካቶ ትምህርትን ለዓለም ያስተዋወቀው የሳላማንካ መግለጫ የወጣው በ1986 ዓ.ም.፣ እኛ ፖሊሲያችንን ባጸደቅንበት ዓመት ነው። በ1998 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2004 ተሻሻለ። በ2002 የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን አጸደቅን። የ2010ሩን ፍኖተ ካርታ ያዘጋጀውን ቡድን የመሩት ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ እንኳ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ምሁር ናቸው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና የልዩ ፍላጎት መምህራን ማሠልጠኛ አለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍልም፣ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ትምህርትም አለው። ይህ ሁሉ እያለ፣ በፍኖተ ካርታው ዘመን ራሱ የመንግሥት አሀዝ የሚያሳየው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መገኘት ከሚገባቸው አካል ጉዳተኛ ልጆች የተገኙት ከአሥሩ አንድ ገደማ መሆናቸውን ነው። ዘጠኙ የት ናቸው? ቤት ናቸው። ጥግ ላይ፣ ዱካ ላይ።

ለምን? አንዱ ምክንያት ልዩ ፍላጎትን የሌላ ሰው ሥራ ማድረጋችን ነው። ለመደበኛው ሠልጣኝ አንዲት ኮርስ እንሰጠዋለን፤ የአካል ጉዳት ዓይነቶችን ዝርዝር ሸምድዶ ተፈትኖ ይረሳዋል። ብሬል በእጁ ሳይነካ፣ አንድ ቃል በምልክት ሳይናገር ይመረቃል። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ የማይሰማ ልጅ ሲገጥመው «የልዩ ፍላጎት መምህር ይፈለግለት» ይላል። የልዩ ፍላጎት መምህሩስ? የማውቃቸውን ልንገራችሁ። አንዷ ዲግሪዋን በልዩ ፍላጎት ይዛ ወረዳው ሲመድባት ሥነ ዜጋ አስተማሪ ሆነች። ሌላው ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ተደረገ። ልዩ ክፍል የተሰጠው ሦስተኛው ደግሞ፣ ዓይነ ስውሩንም፣ መስማት የተሳነውንም፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትንም በአንድ መጋዘን ሰብስቦ «አስተምር» ተባለ። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ የዓይን፣ የጥርስና የአጥንት በሽተኛ ለአንድ ሰው በአንድ ሰዓት ሲሰጥ አይታችኋል?

መምህር ሲታጣ ምን እንደሚሆን ለማየት ዛሬ በሕይወት የሌሉትን ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ማስታወስ ይበቃል። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በአውሮፓውያኑ 2002 ራሳቸው ጆይ የተባለውን ማዕከል ከፈቱ። ሴትየዋ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የነበራቸው እናት እንጂ በሙያቸው መምህር አልነበሩም። ክብር ይገባቸዋል፤ እኛ ግን ልናፍር ይገባናል። አንዲት እናት ትምህርት ቤት መፍጠር ካለባት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያሠለጠንነው ለማን ነበር?

«አገሩ ድሃ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ደህና፣ ስለ ገንዘብ እንነጋገር። ለልዩ ፍላጎት ትምህርታችን ለዓመታት እጇን ስትዘረጋልን የኖረችው ፊንላንድ ናት። እዚያ ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር እንኳ ማስተርስ ይጠየቃል፤ ለዓመታትም ከአሥር አመልካች አንዱ ገደማ ነበር የሚገባው። እኛ ከነሱ ገንዘቡን ተቀበልን፤ ነፃ የነበረውን ምክር ተውነው። ሰው መርጦ መቀበል ስንት ብር ይፈጃል? በልዩ ፍላጎት የተመረቀችውን በተመረቀችበት መመደብስ ስንት ይጠይቃል? ደብዳቤው ላይ ሁለት ቃል መቀየር ነው።

«ደመወዝ ሳይጨመር ማን ይመጣል?» ለሚለኝም መልሴ አጭር ነው፤ ይጨመር! መምህሩ በወሩ አጋማሽ ብድር የሚጠይቅበት አገር ስለ ጥራት ባያወራ ይሻላል። ነገር ግን ደመወዙ ብቻ ጨምሮ በሩ እንዳለ ከቀረ፣ የተረፈውን በተሻለ ደመወዝ መቅጠር ይሆናል። ሁለቱ አብረው ይሂዱ።

ሠልጣኙ በነጥብ ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊት ተጠይቆ፣ ከልጆች ጋር ሲውል ታይቶ ይመረጥ። ልምምዱ ማኅተም ማስመቻ መሆኑ ቀርቶ፣ የሚከታተለው ነባር መምህር ለድካሙ የሚከፈለው ይሁን። ማንኛውም መምህር ከመመረቁ በፊት አንድ ወሰነ ትምህርት ያህል የማያይ፣ የማይሰማ ወይም ለመማር የሚዘገይ ልጅ ካለበት ክፍል ይዋል። ብሬሉንና ምልክት ቋንቋውን የሚያስተምሩትም ኑሯቸው ያደረጉት ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው መምህራን ይሁኑ። «ዕውር ቢሸፍት እስከ ጓሮ» እያለ የሚስቅ ሕዝብ፣ እነሱን ከሰሌዳው ፊት ቆመው ሲያይ ሳቁን ይተዋል።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ሲሆን አገር ደነገጠ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። ኩረጃውን ተወቃቀስን፣ ተማሪውን ተሳደብን። አንደኛ ክፍል ላይ ፊደል ያስቆጠረው ማን እንደነበረ፣ እሱንስ ማን መርጦ፣ ማን አሠልጥኖ እንደላከው የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን? መጥነው ሳይደቁሱ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሉታል ይሄን ነው።

አሁን ወደዚያ ቡና ልመለስ። የተነሣሁ ጊዜ ልጅቱ እስከ በር ሸኘችኝ። ታናሽ ወንድሟም ተከተለን። እጄን ያዝ አድርጎ በሌላኛው እጁ አንድ ነገር አለኝ። ወደ እሷ ዞርኩ።

«ምን አለኝ?»

«ምን ስትሉ እንደቆያችሁ እየጠየቀዎት ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ምን ብዬ እመልስለት? «ስለ አንተ ስንነጋገር ነበር፤ አንተን ግን ማንም አልጠየቀህም» ልበለው? ደግሞስ በምን ቋንቋ? ራሱን ዳበስ አድርጌ ሄድኩ።

እና እናት ዓለም፣ ይህን ጋዜጣ ካየሽው፣ «አስቢበት» ያልኩሽን አንስቻለሁ። አንቺማ አስበሽበታል። ያላሰብንበት እኛ ነን። ግቢበት። እናትሽን እኔ መጥቼ አናግራቸዋለሁ፤ በዚህኛው ቡና ላይ ግን ወንድምሽም ይቀመጥ፤ የምንለውንም አንቺ ንገሪው።